ጤዛ ሳይረግፍ የተጠራ ስም

በድሮ ጊዜ፣ ምድር ገና ልጅ ሳለች፣ ገደሏ በበዛ ስሟ በጠፋ አንዲት አገር ውስጥ እንሽላሊት ይኖር ነበር። በዚያን ዘመን በሆዱ እሳት ያለው ፍጥረት አንድም አልነበረም። ከብቱም ወፉም፣ ነብሩም አይጡም ሌሊቱን እንደ ግንድ ደርቆ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ወጥታ እስክትዳስሰው ይጠብቃል። ፀሐይ ስትነካው ይነሳል፤ ደመና ሲጋርዳት ባለበት ይፈዛል። ነብር ሚዳቋን ሲያባርር ደመና ከመጣ ሁለቱም በየቆሙበት ቀርተው ይተያያሉ። ደመናው ሲገለጥ ሩጫው ካቆመበት ይቀጥላል።

በዚያች አገር የሙቀት ሊቅ እንሽላሊት ነበር። ጥቁር ድንጋይ ከነጭ ቀድሞ እንደሚሞቅ፣ ነፋስ የማያገኘው የገደል ጥግ የቱ እንደሆነ፣ የትኛው አለት የቀኑን ሙቀት ይዞ እስከ ምሽት እንደሚቆይ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም። ስንት ክረምት ሆዱን ከአለት አለት እያዛወረ፣ አንዳንዴም ሊሞት እየደረሰ ያገኘው እውቀት ነው። ያገኘውንም አልደበቀም። የጠየቀውን ሁሉ አስተማረ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ደካማው ሽኮኮ ነበር። ሽኮኮ ጅራት የለው፣ ወገብ የለው፣ ድብልብል ያለ ነገር ነው። አንድ ቀን መጣና፣

«የኔታ፣ እኔ ፀሐይ ላይ ውዬም አልሞቅም። ምን ሆኜ ነው?» አለው።

«እንዴት ነው የምትተኛው?»

«በጀርባዬ ነዋ! ሰማዩን እያየሁ።»

«አንተ ሞኝ! ልትሞቅ ነው የመጣህ ወይስ ደመና ልትቆጥር? ገልብጠው። ሆድህን ለድንጋይ፣ ጀርባህን ለፀሐይ።»

ሽኮኮ በማግስቱ ረሳው። እንደገና ነገረው። በሦስተኛው ቀን ረሳው። እንደገና ነገረው። በሰባተኛው ቀን ገባው። እንሽላሊትም ደስ አለውና ከራሱ ድንጋይ ላይ፣ አገሩ ሁሉ ከሚመኘው ከጥቁሩ አለት ላይ፣ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው።

ከዕለታት በአንዱ ፈጣሪ እንስሳቱ ሲበርዳቸው አይቶ አዘነና አንድ እንስራ ሙሉ ፍም በኮረብታው ራስ ላይ አኖረላቸው። ፍሙን የዋጠ እሳቱ በሆዱ ይኖራል፤ ፀሐይ ብትወጣ ባትወጣ አይቸግረውም። ነገር ግን ፍጥረቱ ብዙ፣ ፍሙ ጥቂት ነበር። ያካፍል ዘንድ ጉሬዛ ተቀመጠ። ማን እንደ ሾመው የሚያውቅ የለም። ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሶ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ መቀመጡን ስላዩ ብቻ የተሾመ መሰላቸው።

ጉሬዛ እንስሳቱን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ «ፍሙ አስቀድሞ የሚገባው ሙቀትን ለሚያውቅ ነው። ሙቀትን ከእንሽላሊት በላይ የሚያውቅ አለ?»

«የለም! የለም!» አለ ጉባኤው። ከሁሉም በላይ የጮኸው ሽኮኮ ነበር።

«እንግዲያው መጀመሪያ የሚጠራው የእንሽላሊት ስም ነው። ችሎቱ ከነገ ወዲያ ጤዛ ሳይረግፍ ይቀመጣል። ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። አቤት ያለ ይወስዳል፤ አቤት ያላለ ቀረ።»

እንሽላሊት ደነገጠ። «ጌታዬ፣ ጤዛ ሳይረግፍ ማን ይንቀሳቀሳል? ውርጩ አለ። እኩለ ቀን ቢሆን ምን አለበት?»

«አይሆንም። ችሎት ከጥንት ጀምሮ የሚቀመጠው ጤዛ ሳይረግፍ ነው።»

«ከየትኛው ጥንት ጌታዬ? ችሎት ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው እኮ ነው።»

ጉሬዛ ካባውን ሰብሰብ አደረገ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የጥንት ነው» አለ። ጉባኤው ሳቀ። እንሽላሊት ግን አልሳቀም። እንዲህ በሳቅ ያለፈ ነገር ደንብ ሆኖ እንደሚቀር ያን ጊዜ አላወቀም እንጂ፣ ያን ዕለት መጮህ ነበረበት።

ብልህ ነውና ዘዴ ፈለገ። ከችሎቱ ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወደ ጉሬዛ ዛፍ ሄደና ከግንዱ ሦስት እርምጃ ርቆ ሣር ውስጥ ተኛ። ጠዋት መሄድ ባልችል እንኳ አቤት ማለት አያቅተኝም ብሎ ነው። ሌሊቱን ግን አመዳይ ወረደ። ሣሩ ነጣ፤ እንሽላሊትም አብሮ ነጣ። እግሩ ደረቀ፣ ጅራቱ ደረቀ፣ በመጨረሻ መንጋጋው ደረቀ። ያልደረቁት ዓይኑና ጆሮው ብቻ ነበሩ።

ሲነጋጋ እንስሳቱ መምጣት ጀመሩ። ትልልቆቹ የትናንት ሙቀት በሰፊ ሆዳቸው ውስጥ ስለሚያድር እየተንቀራፈፉ ደረሱ። ወፎቹ ላባቸውን ነፍተው፣ ትንንሾቹ ደግሞ ተደራርበው አድረው እየተንከባለሉ መጡ። ከነዚያ አንዱ ሽኮኮ ነበር። በእንሽላሊት አጠገብ ሲያልፍ አንድ ነገር አደናቀፈው። ጎንበስ ብሎ አየ። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ሽኮኮ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ፊቱን አዞረና ሄደ።

«እንሽላሊት! አለህ?» ሲል ጉሬዛ ከዛፉ ጫፍ ተጣራ።

አለሁ፣ አለ እንሽላሊት በልቡ።

«እንሽላሊት! አለህ?»

አቤት! አለ በልቡ። አፉ አልከፈት አለ።

«እንሽላሊት! አለህ?»

ሦስተኛው ጥሪ በላዩ ላይ አለፈ። «ቀረ» አለ ጉሬዛ። «እሱን የሚተካ፣ ሙቀትን የሚያውቅ ማን አለ?»

ያኔ ሽኮኮ ወደ ፊት ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሆድህን ለድንጋይ፣ ጀርባህን ለፀሐይ» አለ። ጉባኤው በአድናቆት አጉረመረመ። ሽኮኮ ፍሙን ዋጠ። ከእሱ በኋላ ላሟ፣ ነብሩ፣ አይጧ፣ ወፉ እያሉ ተቀበሉ። እባብ ተጠራ፤ አልመጣም። ኤሊ ተጠራች፤ አልመጣችም። እንቁራሪትም እንዲሁ። ሁሉም በየጉድጓዳቸው ደርቀው ነበር። ብርዱ የበረታባቸው ሁሉ፣ ብርድ ስለያዛቸው የብርድ መድኃኒቱን አጡ።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትነካው እንሽላሊት ብድግ ብሎ ወደ ዛፉ ሥር ሮጠ። «አቤት! አቤት ጌታዬ! ነበርኩ!»

ጉሬዛ ከላይ ቁልቁል አየው። «የት ነበርክ?»

«እዚህ! ሦስት እርምጃ! ቢፈልጉኝ ያገኙኝ ነበር።»

«ዳኛ ይጠራል እንጂ አይፈልግም።» ጉሬዛ ወደ እንስራው ጎንበስ አለ። «አንድ ፍም ተርፏል፤ በረመጥ ዳፍኜዋለሁ። ስሙ ሲጠራ በስፍራው የነበረ ካለ የእሱ ነው። መኖርህን የሚመሰክር አለህ?»

እንሽላሊት አፉን ከፈተ። ያየው አንድ ብቻ ነው። የካደውን ተማሪ መስክርልኝ ብሎ መለመን ግን ሞት መሰለው። አፉን ገጠመና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንሽላሊት ሰላም አጣ። ሌላው ሁሉ ፍም መውሰዱ ይሁን፤ ላሟም ይሙቃት፣ አይጧም ይሙቃት። የሽኮኮ ግን ቆረቆረው። ጠዋት ጠዋት እሱ በስንጥቁ ውስጥ ደርቆ ተጋድሞ ሳለ ሽኮኮ ከነልጆቹ አመዳይ ላይ እያፏጨ ሲግጥ ይሰማዋል። እኔ ያስተማርኩት! ሰባት ጊዜ የነገርኩት! እያለ ነገሩን ያመነዥካል። ፀሐይ ስትወጣም መጀመሪያ የሚያደርገው መሞቅ ሳይሆን ሽኮኮ የት እንዳለ ማየት ሆነ።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ሽኮኮ ረፋዱ ላይ ግጦሹን ጨርሶ ይመጣና እንደ ድሮው ጥቁሩ አለት ላይ ይዘረጋል።

«አንተ!» አለው አንድ ቀን እንሽላሊት። «በሆድህ ፍም እያለ ድንጋዬ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ማገዶ ልቆጥብ ብዬ ነው የኔታ። ፀሐይ ካሞቀችኝ የበላሁት ሣር ይበረክትልኛል።»

«ማገዶ! የጠገበ ሰው ቀልድ ነው ይሄ። በቤቱ እሳት እየነደደ የድሀ ጎረቤቱን ፀሐይ ይሻማል!»

«እውነቴን ነው። ይሄ ፍም ሲያዩት እንጂ ሲይዙት…»

«የኔታ አትበለኝ! ውረድ!»

ሽኮኮ ጥርሱን አፋጨና ወረደ። በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ። እንሽላሊትም ያን ቀን ቆረጠ። ወደ ጉሬዛ ሄደና፣ «ምስክር አለኝ» አለ። «ምስክሬም ሽኮኮ ነው። አይቶኝ ያለፈኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ ከስሼዋለሁ።»

ጉሬዛ ክርክር ይወድ ነበርና ደስ አለው። «በሰባተኛው ቀን ጤዛ ሳይረግፍ ትቀርባላችሁ። እስከዚያ በቁራኛ ታስራችሁ ትቆያላችሁ» ብሎ ፈረደ። ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ ሌላውን ጥሎ እንዳይጠፋ እግር ለእግር በአንድ ገመድ የሚታሰሩበት ነው። ቀን የከሳሽ እግር ይመራል፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ የተከሳሽ እግር ይመራል። ገመዱን የበጠሰ ነገሩን ተረታ። ስሙ ተጠርቶ አቤት ያላለም ተረታ።

በመጀመሪያው ቀን እንሽላሊት ሽኮኮን እየመራ ሣር የማይበቅልበት ራሰ በራ አለት ላይ ወሰደው። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ እሱ የሚውለው እንዲያ ባለ ቦታ ነው። ሽኮኮ ቀኑን ሙሉ ጦሙን ዋለ። ፀሐይ ስትገባ ተራው ደረሰና እንሽላሊትን እየጎተተ ወደ ዋሻው ገባ።

እመት ሽኮኪት በር ላይ ቆማ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «እንግዳ ነው ወይስ እግር ብረት?»

«ከሳሼ ነው።»

«ከሳሽህን ለእራት ይዘህ መጣህ? እሱ ነው እንግዲህ ፀሐይ የግሌ ናት የሚለው? ግባ ግባ፣ በሩን ዝጋው፤ ልጆቹ ይበርዳቸዋል።»

ልጆቹ ተደራርበው ተኝተው ነበር። ሽኮኮ መሐላቸው ገባ፤ እንሽላሊትም በገመዱ ተስቦ አብሮ ገባ። ጎኑ የሽኮኮን ሆድ ነካ። ምን ላድርግ ብሎ ሳያስብ ዓይኑ ተከደነ። ድንጋይ እንዲህ አይሞቅም። ድንጋይ ሙቀቱን ከፀሐይ ተበድሮ እያደር ይመልሳል፤ ይህ ግን ከራሱ ይመነጫል፤ ቢወስዱት አያልቅም፤ ከሥሩ ይተካል።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ነቃ። እግሩን ሞከረው፤ ታዘዘለት። አንገቱን ከዋሻው አፍ አወጣና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይደርቅ፣ በእግሩ ቆሞ ንጋትን አየ። ጤዛው በሣሩ ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል፣ ሰማዩ እንደ ቀይ ጤፍ እንዴት እንደሚቀላ፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ ወፎች እንዴት እንደሚጮሁ። ንጋት እንዲህ ያለ መሆኑን አያውቅም ነበር። ሌላ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን፣ «ይህን ሁሉ ጠዋት ብቻውን ሲያየው ኖሯል!» አለና ሆዱ ተቃጠለ።

ሊቅ ነውና መመርመሩንም አልተወም። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አለቱ ሲግል ሽኮኮ ተንጋለለ፣ አፉን ከፈተ፣ አለከለከ፤ መዳፉም በላብ ረጠበ። አሃ፣ አለ እንሽላሊት፣ እሳቱ ሲበዛበት በሩን ይከፍታል። ማታ ሲበርድ ደግሞ ጠጉሩ ቆመ፣ እግሩን ሰብስቦ ኳስ ሆነ። አሃ፣ ሲያንስበት ይዳፍነዋል። በሦስተኛው ሌሊት ሽኮኮ ከጥርሱ እስከ ጭኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥርም ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ይል ነበር። እንሽላሊት ይህን ሲያይ ተገረመ። ሥጋው ራሱ ወናፍ ነው! እሳቱ ሊጠፋ ሲል እፍ እፍ ይለዋል።

«ለምን ትንቀጠቀጣለህ?» አለው።

«ርቦኛል የኔታ። ሦስት ቀን ሙሉ አለት ላይ ነው የዋልነው። ማታ በጨለማ የምነጫት ሣር አልበቃችኝም። ይሄ ፍም ካልበላሁለት እኔን ነው የሚበላኝ።»

ያን ጊዜ ለእንሽላሊት ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ፍሙ ፍም አይደለም፤ ሣር ነው። ሽኮኮ ቀኑን ሙሉ የሚግጠው ሆዳም ስለሆነ ሳይሆን ምድጃው እንዳይጠፋ ነው። እሱ፣ እንሽላሊት፣ አንዲት አንበጣ በልቶ ሳምንት ይከርማል፤ ሽኮኮ ግን አንድ ቀን ቢጦም ይንጠፈጠፋል። ማገዶ ያለው እውነቱን ነበር።

ልጆች፣ የከፋው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ሳያውቅ ያደረገውን እያወቀ አደረገው። በአራተኛው ቀን ሽኮኮ፣ «በሣሩ በኩል እንለፍ የኔታ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ» ሲለው፣ «ቀን የከሳሽ እግር ይመራል» አለና ወደ አለቱ ወሰደው። በአምስተኛውም ቀን እንዲሁ። ማታ እመት ሽኮኪት ባሏን አይታ፣ «ምን እያደረግኸው ነው? አጥንቱ ወጣ!» ብትለው፣ «ደንቡ ነው፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አላት። በልቡም፣ ለእኔ ያልሞቀ ለማንም አይሙቅ፣ ይል ነበር። ጠዋት ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት ያቅተዋል፤ እኔ የቀመስኩትን ይቅመስ። የራሱ አፍም አብሮ እንደሚደርቅ ግን ቂሙ አስረስቶታል።

በስድስተኛው ቀን ሽኮኮን እየጎተተ ከዋሻውም ከግጦሹም ርቆ ወደ ጉሬዛ ዛፍ ወሰደውና ከግንዱ ሦስት እርምጃ ላይ፣ በዚያችው በድሮዋ ቦታ፣ ተቀመጡ። ሣሯ በጉባኤው እግር ተረግጦ አልቋል። ሽኮኮ ቦታዋን አወቃት።

«የኔታ» አለ በመጨረሻ።

«ምን አለ?»

«አይቼህ ነበር።»

ሽኮኮ ቀጠለ።

«ድንጋይ መስለኸኝ ነው እያልኩ ለሚስቴ ዋሽቻለሁ። ለራሴም ዋሽቻለሁ። ዓይንህ ግን ክፍት ነበር። እንሽላሊት እዚህ አለ ብል ፍሙ የአንተ ይሆናል፤ ለእኔ ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም። ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይህ ላይ የምመጣው ለማገዶ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ትጠይቀኛለህ፣ እነግርሃለሁ እያልኩ ነው። አንተ ውረድ ብቻ ነው ያልከኝ።»

«አሁን ይህን ምን ልታደርግበት ነው?» አለ እንሽላሊት፤ ድምፁ ተሰበረ።

«ነገ እመሰክርልሃለሁ። ስሙ ሲጠራ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እላለሁ። የተዳፈነችው ፍም የአንተ ናት። ክሱንም አምኛለሁ።» ሽኮኮ ጭንቅላቱን መሬት ላይ አሳረፈ። «ለመናገር አቅም ካገኘሁ።»

እንሽላሊት ሰማይን አየ። ፀሐይ ወደ ገደሉ አፋፍ ተጠግታለች። ያን ጊዜ የሠራው ሥራ ታየው። በዓለም ላይ ያለው ምስክር አንድ ነው፤ እሱንም በገዛ እግሩ እየመራ አስርቦታል።

«ተነስ!» አለው። «ተነስ፣ ወደ ቤትህ እንሂድ። ሚስትህ ታሙቅሃለች።»

«ሩቅ ነው የኔታ።»

«ሣር ብላ እንግዲያው! ተነስ ብላ!»

«እግሬ እምቢ አለኝ። አንተ ታውቀዋለህ፣ እግር እምቢ ሲል።»

እንሽላሊት ገመዱ እስኪወጠር ሮጠ። ከገመዱ ጫፍ ማዶ ጥቂት ሣር ነበር። አንገቱን አስረዝሞ አንድ ዘለላ ነጨ፣ ሮጦ ተመለሰና በሽኮኮ አፍ አደረገ። ሽኮኮ አላመጠ። እንሽላሊት እንደገና ሮጠ። ሁለተኛ ዘለላ አመጣ። ፀሐይዋ ገባች። በሦስተኛው ጊዜ እግሩ ከበደው፤ ሩጫው እርምጃ ሆነ፤ እርምጃው መጎተት ሆነ። ሣሩን በአፉ እንደያዘ ከሽኮኮ አፍንጫ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመና ቀረ። አመዳይ ወረደ።

ሲነጋጋ ጉሬዛ ከዛፉ ጫፍ ተጣራ። «እንሽላሊት! አለህ?»

አፉ በሣር ተሞልቷል፤ ባይሞላም አይከፈትም ነበር።

«እንሽላሊት! አለህ? እንሽላሊት! አለህ?»

አለሁ፣ አለ በልቡ። እንደ ድሮው።

«ሽኮኮ! አለህ?»

የሽኮኮ አንድ ጆሮ ብቻ ተንቀሳቀሰች። ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ ጆሮዋ ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰች። ድምፅ ግን የለም። ጉሬዛ ቁልቁል ቢያይ ሁለቱም ከሥሩ ነበሩ። እሱ ግን ይጠራል እንጂ አይፈልግም።

«ከሳሽም ተከሳሽም ቀሩ» አለ። ወደ እንስራው ሄዶ ረመጡን ገለጠ። የመጨረሻዋ ፍም ቀልታ ታየች። ግራ ቀኝ ተመለከተ። «ይህች ደግሞ ባለቤቷ እስኪመጣ እንዳትጠፋ እኔ ዘንድ ትቀመጥ» አለና ዋጣት። ከሽኮኮም አስቀድሞ የመጀመሪያዋን ፍም፣ ደህና መሆኗን ልቅመስ ብሎ የዋጣት እሱ ነበር። ጉሬዛ እስከ ዛሬ በዛፍ ጫፍ፣ በነፋስ መሐል ተቀምጦ የማይበርደው ካባው ስላሞቀው ብቻ አይደለም ይባላል።

ፀሐይ ወጣ ስትል እመት ሽኮኪት ልጆቿን አስከትላ ባሏን ፍለጋ መጣች። እንደ ዳኛው አልተጣራችም፤ ፈለገች። አገኘችውም። ልጆቹ በላዩ ላይ ተከመሩ፣ እሷም ሣር እያላመጠች በአፉ አደረገች። ገመዱ ገና አልተፈታምና እንሽላሊትም ከክምሩ ሥር ሆኖ አብሮ ሞቀ። ቀስ በቀስ ሽኮኮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እፍ፣ እፍ፣ እፍ። እሳቱ ተያያዘ።

እመት ሽኮኪት በእንሽላሊት አፍ ውስጥ ያለውን ሣር አየች። ልትሳደብ የከፈተችውን አፏን ገጠመችና ገመዱን በጥርሷ በጠሰችው። «ሣሩን ቀድመህ ብታመጣው ምን ነበረበት?» አለችው ብቻ።

ከዚያ ወዲህ ሽኮኮና እንሽላሊት በአንድ አለት ላይ ሲሞቁ ይታያሉ። አይጣሉም፤ አይነጋገሩምም። ሽኮኮ አንዳንዴ ጥርሱን ያፋጫል፤ ልመስክር ነበር እያለ ነው። እንሽላሊትም ፀሐይ አናቱ ላይ ስትወጣና ደሙ ሲሞቅ ብድግ ይልና ወደ ዛፎቹ እያየ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቃል። አቤት! አቤት! አቤት! እያለ ነው። ችሎቱ ግን ጠዋት ተነስቷል።

ተረቴን እዚህ ላይ አዳፈንኩት፤ እናንተም ምድጃችሁን ቆስቁሱ። የድሮ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፦

የጎረቤቱን ምድጃ ያጠፋ፣ ሲበርደው እሳት የሚጭርበት ጠፋ።